ባምፕ ስቶፕ ከመቀየሩ በፊት ርዝመቱ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንባብያን ገጻችሁ ላይ ስለ ገጠር መንገድና ስለ መለዋወጫ ዋጋ የሚወጡትን አስተያየቶች እንከታተላለን። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ግን የተረሳ አንድ ዕቃ አለ፤ ባምፕ ስቶፕ። በሻንሲውና በአክስሉ መካከል የሚቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ እጅ ጭብጥ የሚያዝ ጎማ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ጅማ ውስጥ በመኪና ጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የጻፍነውም በዚህ ዕቃ ላይ የሚሠራው ስህተት ሻንሲ እየሰነጠቀና ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) እየሰበረ ስለሆነ ነው። ስህተቱን ለማረም ደግሞ ሜትርና ክሪክ ይበቃሉ።

የላንድክሩዘር ሃርድቶፕና የሃይሉክስ ባለቤቶች ባምፕ ስቶፕ እንዲሻሻልላቸው ሲፈልጉ የሚጠይቁት ስለ ዓይነቱ ነው፤ ጎማው ይሻላል ወይስ ፖሊዩሬቴን የተባለው ፕላስቲክ? ሃይድሮሊኩስ? ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ርዝመቱ ነው። ርዝመቱ ከመኪናው ሾክ አብዞርበርና ከባሌስትራው ጋር ያልተስማማ ባምፕ ስቶፕ፣ ከምንም ውድ ነገር ቢሠራ ጥቅም የለውም።

መንኮራኩሩ ወደ ላይ ሲገፋ አክስሉ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ባምፕ ስቶፕ ነው። እሱ ከጠፋ ወይም ካጠረ አክስሉን የሚያቆመው ሌላ ነገር ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ተረኛው ሾኩ ነው፤ ፒስተኑ ከታች ካለው ቫልቭ ጋር ይጋጫል፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ወይም የላይኛው ማሰሪያ ከሻንሲው ላይ ይቀደዳል። ሾኩ ከተረፈ ባሌስትራው ከቀጥታ መስመር አልፎ ወደ ተቃራኒው ይታጠፍና በመሃል ብሎኑ ቀዳዳ ላይ ይሰነጠቃል። የመንኮራኩሩ ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል። የፊት አክስሉ ድፍን በሆነ (ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ብረት በሚያገናኝ) መኪና ላይ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ወደ ሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ ይጠጋል። እነዚህ ሁሉ ከባምፕ ስቶፑ እጅግ የከበደ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ናቸው።

የአካባቢያችን መንገድ ጉዳዩን ያባብሰዋል። ከጅማ ወደ አጋሮም ሆነ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። ክረምቱ ቀዩን አፈር ከውሃ መውረጃ ቱቦዎቹ ግራና ቀኝ አጥቦ ስለሚወስድ ኮንክሪቱ እንደ ደረጃ ብቅ ብሎ ይቀራል። መኪናው ደረጃውን የሚያገኘው ቁልቁለት ወርዶ፣ ፍጥነት ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ፍሬን ተይዞ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም ፒክአፑ ከአቅሙ በላይ ጆንያ ይጭናል፤ በፖርቶ መጋላውም ላይ ይደረባል። በባዶው 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር የነበረው የባምፕ ስቶፕ ክፍተት በጭነት ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ከወረደ፣ ባዶውን በምቾት ያለፈው ጉድጓድ ከጭነት ጋር ብረትን ከብረት ያገናኛል።

ስለዚህ ማንም ባለንብረት ዕቃ ከመግዛቱ በፊት መኪናው ሥር ገብቶ ይመልከት። የባምፕ ስቶፑ ጎማ ጫፉ ላይ እንደ እንጉዳይ ተነጥፏል? ተሰንጥቋል? ወይስ ተበልቶ የብረት መያዣው ብቻ ቀርቷል? በአክስሉ ላይ የሚያርፍበት ብረት አዲስ እያብለጨለጨ ከሆነ ግጭቱ በየጉዞው አለ ማለት ነው። የባምፕ ስቶፑ መያዣ ከሻንሲው ጋር በተበየደበት ዙሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ሠርቶ ከተሰነጠቀ፣ ከቀለሙ ሥር ብረቱም ሊሆን ስለሚችል በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ይታይ። ከላይኛው ማሸጊያው ዘይት የሚያፈስ ሾክ፣ በውስጥ በኩል የተፋቀ የጎማ ጠርዝ፣ በመሃል ብሎኑ አጠገብ የተሰበረ ቅጠል፤ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። የጎማ ባምፕ ስቶፕ የሚነካው አልፎ አልፎ፣ ትልቅ ጉድጓድ ሲመጣ ነው። በየደቂቃው የሚነካ ከሆነ በሽታው ሌላ ቦታ ነው፤ ባሌስትራው ተኝቷል፣ ሾኩ ሞቷል፣ ወይም ጭነቱ በዝቷል። እነዚህ ሳይስተካከሉ ባምፕ ስቶፕ ብቻ መለወጥ አዲሱንም በጥቂት ጊዜ መጨረስ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ በአራቱም በኩል ከባምፕ ስቶፑ ጫፍ እስከ ማረፊያው ያለውን ክፍተት መለካት በቂ ማስረጃ ይሰጣል። የግራና የቀኙ ልዩነት ከ10 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ቅድሚያ ለባሌስትራው ወይም ለሞላው ይሰጥ።

አሁን ወደ ልኬቱ። መኪናው ብዙውን ጊዜ የሚሸከመውን ጭነት ይዞ፣ የጎማው ነፋስ ተስተካክሎ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል። በመጀመሪያ ባምፕ ስቶፑ ከሚታሰርበት የሻንሲ ብረት እስከ አክስሉ ማረፊያ ያለው ርቀት ይለካል፤ የባምፕ ስቶፑ ጎማ ቁመት አይቀነስም፣ ብረት ለብረት ነው የሚለካው። ቀጥሎ ሾኩ በታሰረበት ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት ይመዘገባል። ከዚያ ሾኩ ተፈትቶ እስከ መጨረሻው ይጨመቅና በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል የቀረው ርዝመት ይለካል። የሾኩ የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ሾኩ ከቆመበት ተነስቶ ገና ሊታጠፍ የሚችለው መጠን ነው። ሾኩ ዘንበል ብሎ የታሰረ ከሆነ አክስሉ ከሾኩ የበለጠ ይጓዛል። 30 ዲግሪ ባዘነበለ ሾክ ላይ አክስሉ 100 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ሾኩ የሚታጠፈው 87 ያህል ነው፤ ስለዚህ የሾኩን ቀሪ መጠን በ0.87 አካፍሎ ወደ አክስል ጉዞ መለወጥ ያስፈልጋል።

በምሳሌ እናሳይ። ጭኖ በቆመ መኪና የኋላ አክስል ላይ ከብረት እስከ ብረት 150 ሚሊ ሜትር ተገኘ እንበል። የአክስሉ ቀሪ ጉዞ 95 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሾኩ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ይህ ርቀት 55 ሲደርስ መሆኑን ልኬቱ አሳየ። ለሾኩ 15 ሚሊ ሜትር መጠባበቂያ እንተውለት፤ ባምፕ ስቶፑ ተጨፍልቆ ማብቃት ያለበት 70 ላይ ነው ማለት ነው። የነበረው ጎማ ሳይነካ 70 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ሲጨፈለቅ ደግሞ 40 ይሆናል። 40 ከ55 ያንሳል። ስለዚህ ይህ መኪና ባምፕ ስቶፕ እያለውም አክስሉን የሚያቆመው ሾኩ ነው። ብዙ አዲስ ሾክ ዘይት የሚያፈስበት ምክንያት ይኸው ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በሾኩ ጥራት ላይ ይላከካል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ በዚያው ጎማ ላይ 30 ሚሊ ሜትር የብረት ስፔሰር (ማራዘሚያ ቁራጭ) መጨመር ነው፤ 40 እና 30 ተደምረው 70 ይሆናሉ። ሾኩ ተረፈ፤ ግን ጎማው ግጭቱን የሚያበርድበት ርቀት ያው 30 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ያሉት የፖሊዩሬቴን ፎም ባምፕ ስቶፕ ነው። ጥሩው ዓይነት ከቁመቱ 30 በመቶ ብቻ እስኪቀር ድረስ ይጨመቃል። 90 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ሲጨፈለቅ 27 ይሆናል፤ 43 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲጨመርበት 70 ይመጣል። ጫፉ ከማረፊያው በ17 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ስለሚሆን ቶሎ ይነካል፣ ግን በለስላሳው ጀምሮ እየጠነከረ 63 ሚሊ ሜትር ሙሉ ይሠራል። ይበልጥ ይሻላል ብሎ 120 ሚሊ ሜትሩን የገዛ ሰው ደግሞ ስሌቱን ይይ፤ ሲጨፈለቅ 36፣ ስፔሰሩ 34፣ ነገር ግን ጫፉ 154 ላይ ይወድቃል። መኪናው ቆሞ ሳለ አክስሉን ይነካል ማለት ነው። በጭነት ላይ እንዲህ የሚነካ ባምፕ ስቶፕ ጉዞውን ያደነድናል፣ በኩርባም ላይ የኋላውን ጎማ ያንሸራትታል።

የ30 እና የ63 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቀላል እንዳይመስል። ከኋላው 1,500 ኪሎ ግራም የሚሸከም መኪና በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት ወደ ታች ቢወርድ፣ ይህም ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የመውደቅ ያህል ነው፣ የሚያመጣው ጉልበት 750 ጁል ነው። ያንን በ30 ሚሊ ሜትር ውስጥ ለማቆም በአማካይ 25,000 ኒውተን፣ ማለትም 2.5 ቶን ያህል ኃይል በሁለቱ መያዣዎች ላይ ያርፋል። በ63 ሚሊ ሜትር ከቆመ ግን ወደ 12,000 ኒውተን ይወርዳል። በሻንሲው ላይ ያለው ብየዳ የሚሰነጠቀው ወይም የሚተርፈው በዚህ ልዩነት ነው።

ወደ ቁሱ ስንመጣ፣ ፋብሪካው የሚያስገባው ጎማ ብዙውን ጊዜ በሾር ኤ (የጎማ ጥንካሬ መለኪያ) ከ60 እስከ 70 ጥንካሬ ያለው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጭቃና ውሃ ይችላል፣ ናፍታና ዘይት ሲነካው ግን አብጦ ይላላል። ደማቅ ቀለም ያለው ድፍን ፖሊዩሬቴን እንደ ማሻሻያ ይሸጣል። ከ80 ሾር ኤ በላይ ጥንካሬ ስላለው ዕድሜው ረጅም መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ብዙ አይጨመቅም፣ ግጭቱን እንዳለ ወደ ሻንሲው ያሳልፋል። ለከባድ መንገድ እሱን መምረጥ ስህተት ነው ብለን እናምናለን። ፎሙ ከሁሉም ለስላሳ አቀባበል አለው፤ ደካማ ጎኑ ስለት ነው። ማረፊያው ላይ የብየዳ ጉርብጥ ወይም የተጣበቀ ጠጠር ካለ ይቀደዳል። እንደ ጅማ ባለ ዝናባማ አገር ደግሞ ከፖሊኤስተር ይልቅ በፖሊኢተር መሠረት የተሠራው ይመረጣል፤ ፖሊኤስተሩ በእርጥበትና በሙቀት ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ሻጩ ይህን የማያውቅ ከሆነ በዕቃው መጠቅለያ ላይ ይፈለግ።

ሃይድሮሊክ የሚባለው በሲሊንደር ውስጥ ዘይትና ናይትሮጅን ይዞ ግጭቱን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሌሎቹ የተቀበሉትን ኃይል አብዛኛውን መልሰው ስለሚወረውሩ መኪናውን ወደ ላይ ያነጥሩታል፤ ሃይድሮሊኩ በዚህ ይበልጣቸዋል። ለውድድር የተሠራ ነው። ለመግጠም ሻንሲው ላይ ቤት መበየድ፣ ለመሙላት የናይትሮጅን መሣሪያ፣ ለማሸጊያው ደግሞ በየጊዜው እንክብካቤ ያስፈልጋል። ቀይ ጭቃ የደረቀበት ዘንግ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ማሸጊያውን ይፍቃል። ናይትሮጅን ጠፍቶ በጎሚስታ ቤት አየር የሚሞላ ከሆነ እርጥበቱ ውስጡን ያበላሻል። ለመስክ ሥራ መኪና አንመክረውም።

ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚታሰረውስ? መንገድ ላይ ለቀረ መኪና ቤት መግቢያ ይሆናል። ከዚያ በላይ አይታመንም። የጎማ ቁራጭ በክርና በሽቦ የተጠናከረ ስለሆነ ይታጠፋል እንጂ አይጨመቅም፤ ደጋግሞ ሲመታ የብሎኑ ጭንቅላት ሰንጥቆት ይወጣና አክስሉን ራሱ ብሎኑ ይመታል።

ጭነት ለመሸከም ተብሎ በባምፕ ስቶፑ ቦታ የሚገባው ውስጡ ክፍት የሆነ ጎማ ወይም የአየር ከረጢት በተለይ በባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሌስትራ ጭነቱን የሚያስተላልፈው በፊትና በኋላ ጫፎቹ ሁለት ቦታ ነው። ረዳቱ ግን ሁሉንም ከአክስሉ በላይ ባለች አንዲት ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። የፒክአፑ ጭነት ከኋላ አክስሉ አልፎ ወደ ኋላ ከተንጠለጠለ ሻንሲው በዚያች ነጥብ ላይ እንደ ሚዛን ይሆናል፤ የሚጎብጠውም ከጋቢናው ጀርባ ነው። የመኪናው ጀርባ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ባለቤቱ ጭነቱ የተቻለ ይመስለዋል። የሚጨመር ጭነት ካለ በፋብሪካው ከተፈቀደው ክብደት ሳያልፍ ተጨማሪ ቅጠል በባሌስትራው ላይ ማስገባት ለሻንሲው ይሻለዋል፤ ከዚያም ክፍተቱ እንደገና ይለካ።

መኪና ከፍ ሲደረግ ደግሞ የሚሠራው ስህተት ሁለት መልክ አለው። 50 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ ረጅም ሾክ አስገብቶ ባምፕ ስቶፑን እንደነበረ መተው አንዱ ነው፤ ረጅም ሾክ ሲዘጋም ረጅም ስለሆነ ቀድሞ ይመታል። ሌላው ሳይለኩ በደፈናው 50 ሚሊ ሜትር ስፔሰር መጨመር ነው። ሾኩ ያው የቀድሞው ከሆነና የመንኮራኩሩ ጎማ ካልተለወጠ ይህ ያለ ጥቅም ጉዞውን ይቆርጣል፣ መኪናውንም ያደርቃል። ከኋላ ጭነትን እየለካ ፍሬን የሚያከፋፍለው ቫልቭ ያለው መኪና ከፍ ሲደረግ ዘንጉም መስተካከል አለበት፤ ካልሆነ መኪናው ባዶ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል።

ሲገጠም ስፔሰሩ ብረት ይሁን፤ እንጨት በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል። ከላይና ከታች ያለው ላሜራ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ብሎኑ ስፔሰሩ በጨመረው ልክ መርዘምና 8.8 ደረጃ መሆን አለበት፤ ጥርሱ ውስጥ የሚገባው ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል ይሁን። 8 ሚሊ ሜትሩ በ25፣ 10 ሚሊ ሜትሩ በ45 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠበቃል፤ ሮንዴላ አይረሳ። ምንጊዜም ግራና ቀኙ አብረው ይለወጡ። ሻንሲ ላይ ብየዳ ካለ ባትሪው ይፈታ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦው ይሸፈን ወይም ይነሳ። አክስሉ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ሥሩ አይግባ፤ ሻንሲው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይረፍ፣ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎችም ይታገዱ።

የሃይሉክስ የፊት እግር የተለየ ነው። ባምፕ ስቶፑ መንኮራኩሩን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው አርም መሃል አካባቢ ስለሚያርፍ እዚያ የተጨመረ 10 ሚሊ ሜትር በጎማው ላይ እጥፍ ያህል ጉዞ ይቀንሳል፤ የሚሸከመውም ኃይል በዚያው ልክ ይበዛል። ለዚህ ነው ለኋላ የሚስማማው ስፔሰር ፊት ላይ ሲገባ መኪናውን እንደ ጋሪ የሚያደርገው። በድፍን አክስል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ባምፕ ስቶፑ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚገኝ፣ አንዱ ጎማ ብቻ ሲወጣ ከክፍተቱ በላይ ይነሳል። ጎማው ከፓራፋንጎው መራቁን ማየት የሚገባው ሁለቱን አንድ ላይ አንስቶ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ብቻ ከፍ ካለ ጉብታ ላይ አውጥቶ፣ መሪውንም እስከ መጨረሻው ወዲህና ወዲያ አዙሮ ነው።

ከተገጠመ በኋላ ማረፊያው ላይ ቅባት በስሱ ይቀባና መኪናው በዝግታ ጉብታ ላይ ይለፍ። በባምፕ ስቶፑ ጫፍ ላይ የሚወጣው የቅባት ምልክት ክብና መሃል ላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ አንድ ጎን ካደላ አክስሉ ዞሯል ወይም ማረፊያው ዘንበል ብሏል፤ እንዲህ ያለው ባምፕ ስቶፕ ተቆርጦ ይወድቃል። የሾኩ ዘንግ የሚታይ ከሆነ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮበት እስከ ማሸጊያው ይገፋ። ከተለመደው ጉዞ ሲመለስ ማሰሪያው የቆመበት ቦታ ሾኩ እስከ የት እንደታጠፈ ይናገራል፤ እስከ መጨረሻው 10 ሚሊ ሜትር እንኳ ካልቀረ ስፔሰሩ ይጨመር። ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ሲቀየር መብራት አብርቶ ማየት ይበቃል።

በጋዜጣችሁ በኩል ልናደርሳቸው የምንፈልጋቸው ጥያቄዎች አሉ። መለዋወጫ አስመጪዎች ባምፕ ስቶፕ ሲያመጡ የመኪናውን ስም ብቻ ሳይሆን ያልተጨመቀውንና የተጨመቀውን ርዝመት፣ የብሎኑን ውፍረትና የቁሱን ዓይነት በማሸጊያው ላይ እንዲያሰፍሩ እንጠይቃለን። የመስክ መኪና በብዛት የሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶች በጥገና ጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ የአራቱን ክፍተቶች ልኬት እንዲያስገቡ፤ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ባምፕ ስቶፕ የሌለው ወይም በብረቱ ብቻ የቀረ መኪና እንደ ጉድለት እንዲመዘገብ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ በገበያችን የሚሸጡትን ባምፕ ስቶፖች ጨምቀው፣ በየሚሊ ሜትሩ የሚጠይቁትን ኃይል በሠንጠረዥ አውጥተው ቢያሳትሙልን፣ ከላይ በምሳሌ ያቀረብነውን ስሌት እያንዳንዱ ጋራዥ በትክክለኛ ቁጥር ሊሠራው ይችላል። ከለቀማው በፊት ቢደርስልን ደስታችን ነው።

ከአክብሮት ጋር
በጅማ ከተማ የመኪና ጥገና ባለሙያዎች